ዘሯ ያልታወቀ ድመት

አድማሴ ማንደፍሮ ድመት እንደ በግ የሚገዛ ነገር መሆኑን የሰማው አምስተርዳም ኖርድ ገብቶ ዓመታት ከኖረ በኋላ ነው። እሱ በሚያውቀው አገር ድመት አትገዛም። የጎረቤት ድመት ትወልዳለች፣ ዓይናቸው ሲገለጥ አንዷን በጨርቅ ጠቅልለው ያመጡልሃል፣ አይጡ ከጎታው ሲጠፋልህ የሰጠህን ሰው ትመርቃለህ፣ በቃ። እዚህ ግን ድመት ሁለት መንገድ አላት። አንደኛው ከአርቢ ቤት ነው፤ የአባቷ፣ የአያቷ፣ የቅድመ አያቷ ስም ተቆጥሮ፣ እንደ ሙሽራ ተለምና ትመጣለች። ሌላው የእንስሳት መጠለያ ነው፤ ሰው የጣላት እዚያ ተሰብስባ ትኖርና የፈለጋት ይወስዳታል። ይህን ሁሉ ያስረዳችው የአሥራ አንድ ዓመት ልጁ ወርቅአፈራሁ ናት።

በጋው መሀል ነበር። የፈረንጅ ሰው ለዕረፍት ወደ ባሕር ሲሄድ ድመቱን ደረጃ ላይ ትቶ ይሄዳል አሉ፣ መጠለያው አፍ እስካፉ ሞልቷል አሉ። ልጅቱ ይህን ከጓደኞቿ ሰምታ መጣች። አድማሴ ከዛንዳም ከካካዎ መጋዘን ሥራው ገብቶ፣ ሽታው ከልብሱ ሳይለቅ ጫማውን እየፈታ ነው። አንዷን እናምጣት አለችው። እኛ ለዕረፍት የትም ስለማንሄድ የሚጥላት የለም ብላ ምክንያቱንም ጨመረች። ነገሩ እውነት ነው፤ አድማሴ ለዕረፍት ሄዶ አያውቅም።

“ዘሯ ያልታወቀ ድመትማ እዚህ ቤት አትገባም” አላት።

እሳት እንደነካው ሰው ፈጥኖ ነው የተናገረው። ወርቅአፈራሁ አየት አደረገችው፣ እራቷን ሳትጨርስ ማንኪያዋን አስቀመጠች፣ ተነሥታ ወደ ክፍሏ ገባች። ሚስቱ አበባይሽ ከምድጃው ዞር ብላ፣ ሃያ ዓመት አብራው የኖረች ሴት ብቻ የምታውቀውን ዓይነት ዓይን ወረወረችበት።

እንግዲህ አትፍረዱበት። ሰው ክፉ የሚናገረው ሁልጊዜ ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ የሚበዛው ከፍርሃት ነው። አድማሴ ደግሞ የፈራው ድመቷን አይደለም። ወርቅአፈራሁ የአብራኩ ክፋይ አይደለችም። ይህን የሚያውቁት እሱና አበባይሽ፣ ሄግ የሚኖሩት ጋሽ ዘርኣይና እግዚአብሔር ናቸው። ልጅቱ አታውቅም፤ ቢያንስ አድማሴ እንደዚያ ብሎ ለራሱ ነግሮ ተኝቶ ያድራል። የተጣለ፣ የተገኘ፣ እናቱ የማትታወቅ የሚባል ወሬ ቤቱ ውስጥ በተነሣ ቁጥር ነገሩን ወደ ሌላ ያዞራል። ዛሬ ስለ ድመት ትጠይቃለች፣ ነገ ስለ ራሷ ትጠይቃለች፣ ከነገ ወዲያ “አንተ አባቴ አይደለህም” ብላ በሩን ትዘጋለች። የሱ ፍርሃት ይኸው ነው።

ነገሩ የሆነው በሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት ነው። ከጭልጋ ተነሥተው ወደ መተማ ሲወርዱ፣ መንገድ ላይ ከተቀላቀሏቸው ሰዎች መካከል ልጅ ያዘለች አንዲት ሴት ነበረች። ከየት እንደመጣች የጠየቃት የለም፤ ያን ጊዜ ሰው ሰውን አይጠይቅም። ወባው በረሃው ላይ ጣላት። ዛፍ ሥር አሳረፏት፣ ሲነጋ ሞታ አገኟት። ልጅቱ የነጠላዋን ጫፍ ይዛ ተቀምጣለች፤ አታለቅስም። ዕድሜዋ ቢበዛ አራት ቢሆን ነው። አበባይሽ አግብታ ስትኖር ልጅ አምሯት የቀረች ሴት ናት፤ ምንም ሳትናገር ጎንበስ ብላ አዘለቻት። ድንበሩን ያለፉት እንደዚያው ነው።

ሱዳን ገዳሪፍ ሲደርሱ ፈረንጆቹ የስደተኛውን ስም መመዝገብ ጀመሩ። ወላጅ የሌለው ልጅ ለብቻው በሌላ ድንኳን ይቀመጣል ተባለ። አበባይሽ ይህን ስትሰማ ልጅቱን እቅፍ አድርጋ አልለቅም አለች። ያኔ ነው ጋሽ ዘርኣይ የገቡበት። ጋሽ ዘርኣይ ኤርትራዊ ናቸው፤ አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ አማርኛውን ለምደው፣ ኋላ ሑመራ የሰሊጥ እርሻ ላይ ትራክተር ሲጠግኑ ኖረው የተሰደዱ ሰው ናቸው። “ወግ እያለላችሁ ምን ትጨነቃላችሁ? የጡት ልጅ አድርጋት፣ እኔ ምስክር እሆናለሁ” አሉት። ወጉን ታውቁታላችሁ፤ አሳዳጊው አውራ ጣቱን ማር ነክሮ ያጠባል፣ ሽማግሌ ቆሞ ያያል፣ ከዚያ ወዲያ ልጁ ልጅ ነው። ማር ግን ከየት ይምጣ? አድማሴ በሻይ ብርጭቆ ስኳር በጠበጠ፣ ጣቱን ነከረ፣ ልጅቱ አፍ ውስጥ አደረገላት። ጠባች። ወርቅአፈራሁ ብሎ ስም አወጣላትና በማግስቱ የራሱ ልጅ ብሎ አስመዘገባት። ለብዙ ሳምንት አንድ ቃል አልወጣትም፤ ስትናገር የመጀመሪያ ቃሏ “ውሃ” ነበር። ስለ በፊቱ አልጠየቋትም። ልጅ ምን ታስታውሳለች ተባባሉ።

ስለዚህ ነው አድማሴ እሑድ እሑድ ከምሳ በኋላ ልጅቱን እያስቀመጠ ዘር የሚያስቆጥራት። እስከ ሰባት ቤት ካወቀች፣ አያት ቅድመ አያቱን ከአፏ ካስገባ፣ ማን መጥቶ ይነቅልብኛል ይላል። “አድማሴ፣ ማንደፍሮ፣ ባዩ” ትላለች፣ ባዩ ላይ ቆም ትላለች። ሽባባው ይላታል እሱ። በሚቀጥለው እሑድም ባዩ ላይ ትቆማለች። የሆላንድን ወንዞች ከነገባሮቻቸው የምታንበለብል ልጅ፣ የሽባባውን ስም እንዴት መያዝ አቃታት? አድማሴ ይህ ነገር ግራ ያጋባዋል። ትምህርት ቤቱ ነው፣ ቋንቋው ነው፣ ቲቪው ነው ይላል። ያልከሰሰው ነገር የለም።

የድመቷ ወሬ በተነሣ በማግስቱ ጠዋት መላ ያገኘ መሰለው። ልጅቱን ጠራና ድመቱን አልከለከልኩሽም፣ ነገር ግን የተጣለች ሳትሆን የንጉሥ ልጅ የመሰለች፣ አያቶቿ የሚታወቁ ድመት አመጣልሻለሁ አላት። ትጨፍርልኛለች ብሎ ነበር። ወርቅአፈራሁ የቦርሳዋን ማንገቻ እያፍተለተለች ቆየችና፣

“ዘሯ የታወቀችው ትሻላለች ማለት ነው?” አለችው።

“እንዴታ! ዘር ከልጓም ይስባል” አላት በኩራት።

ራሷን ነቀነቀችና ወጣች። አድማሴ ተስማማች ብሎ ደስ አለው። አይ አድማሴ! ተረት ሲያገኝ የማይተርት ምላስ ቢኖረው ኖሮ ከስንት ነገር በተረፈ።

ቅዳሜውን በባቡር ወደ ሄግ ወረደ። ጋሽ ዘርኣይ እዚያው አቅራቢያ ራይስዋይክ ያሉ ቢሮዎችን በማለዳ አጽድተው ገብተው፣ መስኮታቸው ሥር ጋዜጣ ያነባሉ። ደችኛው ከአድማሴ ይልቅ ለሳቸው ይገባቸዋል። አድማሴ ሮተርዳም አንዲት የታወቀች ድመት አርቢ እንዳለች ሰምቶ፣ ያስተርጉሙልኝ ብሎ ነው የመጣው። ጋሽ ዘርኣይ መነጽራቸውን አውልቀው አዳመጡት። ለድመት ይህን ያህል መንገድ ለምን እንደሚሄድ ጠየቁት። ሲነግራቸው አዳምጠው፣ ነገሩን ከሌላ ሰው አፍ ሳትሰማ አንተው ንገራት አሉት። አድማሴ ትደግ አለ። “ስታድግ ደግሞ ታግባ ትላለህ” አሉት። እሱም ጋሼ፣ እባክዎ፣ ዛሬ የመጣሁት ለድመት ነው ብሎ ወሬውን ዘጋው፤ ተያይዘው ወጡ።

የአርቢዋ ቤት ከወደቡ ወዲህ፣ ደጁ በአበባ የታጠረ ቤት ነው። ሴትዮዋ አሮጊት፣ ጸጉሯ የተበጠረ፣ ድመቶቿም ከሷ በላይ የተበጠሩ ናቸው። ጸጉራቸው መሬት ይጠርጋል፤ ፊታቸው ግን በር የተዘጋበት ይመስል ወደ ውስጥ ጥፍጥፍ ብሏል። አድማሴ ታመው እንደሆነ ቀስ ብሎ ጋሽ ዘርኣይን ጠየቀ። አልታመሙም፣ ዘራቸው ነው ተባለ። ሴትዮዋ አንዷን ነጭ ግልገል አንሥታ ታሪኳን ጀመረች። የአባቷ አባት ቤልጅግ ሄዶ ተሸልሟል። ቅድመ አያቷም እንዲሁ። አድማሴ በያንዳንዱ ስም ራሱን ይነቀንቃል፤ እንዲህ ነው እንጂ ሰው ዘሩን ሲያውቅ ይላል በሆዱ። የሰው ቤት ልጅ ሊጠይቅ የሄደ ሽማግሌ ነው የሚመስለው።

ድንገት ጋሽ ዘርኣይ ማስተርጎም አቆሙና አሳላቸው።

ምን አለች አለ አድማሴ። ጋሽ ዘርኣይ መሬት መሬት እያዩ፣ የግልገሏ አባትና እናት አባታቸው አንድ ነው ትላለች አሉት። አድማሴ ትርጉም የተሳሳተ መስሎት እንደገና ይጠይቁልኝ አላቸው። ተጠየቀች። ሴትዮዋ ፈገግ ብላ፣ ጣቶቿን አቆላልፋ ጭምር አስረዳች፤ ጸጉሩና የፊቱ ቅርጽ እንዳይጠፋ ተብሎ እህትና ወንድም ይገናኛሉ፣ ይህንንም ያገናኘችው ራሷ ናት፣ ብዙም ለፍታበታለች።

አድማሴ ያየውን ጣሪያ እስከ ዛሬ ያስታውሰዋል፤ ዓይኑን የሚያሳርፍበት ቢያጣ ጣሪያ ነው ያየው። እሱ ባደገበት አገር አጎቱ ጠላው ተጠምቆ፣ ዳሱ ተጥሎ፣ በስድስተኛው ቤት ከሙሽራዋ ጋር የሚጋሯት አንዲት አያት ተገኝታ ሠርጉ ፈርሶበታል። ዘር የሚቆጠረው እንዲህ ካለው ነገር ለመራቅ ነው። እነዚህ ደግሞ ቆጥረው፣ አጣርተው፣ አውቀው ይገቡበታል! ባርኔጣውን አነሣ፣ ለሴትዮዋ እጅ ነሣ፣ ግልገሏን ሳይነካ ወጣ። ሴትዮዋ በሩ ላይ ቆማ ዋጋው በዝቶበት እንደሆነ ጋሽ ዘርኣይን ትጠይቃለች። ምን ብለው እንደመለሱላት እንጃ፤ ባቡር ውስጥ ግን ዕንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

አድማሴ አልሳቀም። ራሱ ዞሮበታል። ዘሯ የታወቀችውን ሲያውቃት ጉድ ሆነች፤ ዘሯ ያልታወቀችውን ደግሞ እንዳትገባ ብሏል። ታዲያ ዘር ማወቅ ምን ጠቀመ? ልጅቱን በየእሑዱ የሚያስቆጥረውስ ለምን ነበር? አንዱን ሐሳብ ሲይዝ ሌላው እያመለጠው ባቡሩ አምስተርዳም ደረሰ፣ ከጣቢያው ጀርባ በጀልባው ወደ ኖርድ ተሻገረ፤ ውሃውን ሲያይ ቆይቶ መውረዱን ሊረሳ ምንም አልቀረው።

አበባይሽ በምትሠራበት የአረጋውያን ቤት ተረኛ ሆና ውላ ገብታለች። የሮተርዳሙን ሲነግራት እንደ ጋሽ ዘርኣይ ትስቃለች ብሎ ጠበቀ። አልሳቀችም። ልጅቱ ያን ማንኪያ ካስቀመጠች ወዲህ እህል በወጉ እንዳልቀመሰች፣ ሲጠሯት እንደ እንግዳ እየተሽቆጠቆጠች እንደምትመጣ፣ ሳይነግሯት ዕቃ እንደምታጥብ ነገረችው። ለድመት ተብሎ ይህ ሁሉ? አለ አድማሴ። ለድመት አይመስለኝም፣ ለምን እንደሆነ ግን አልገባኝም አለች አበባይሽ። ሁለቱም ግራ ገብቷቸው ተያዩ። በመጨረሻ መጠለያው የሚከፈትበትን ቀን ጠብቀው አባትና ልጅ እንዲሄዱ ተስማሙ። አድማሴ የተሸነፈ መሰለው፤ በማን እንደተሸነፈ ግን አያውቅም።

መጠለያው ረጅም ኮሪደር ነው፤ በግራ በቀኙ ሽቦ፣ ከየሽቦው ጀርባ ዓይን። የቦት ጫማ ያደረገች ወጣት ሴት ተቀበለቻቸው። ፈጥና ስለምትናገር አድማሴ ከአፏ “ደህና ዋላችሁ” ከሚለው ሌላ የያዘው የለም፤ አስተርጓሚዋ ወርቅአፈራሁ ሆነች። ልጅቱ የሚንጫጩትን ግልገሎች አልፋ አልፋ፣ መጨረሻው ላይ ጀርባዋን ለሰው ሰጥታ ግድግዳ የምታይ አንዲት ቡራቡሬ ድመት ፊት ቆመች። ይቺ አለች። ትልቅ ድመት ናት። ባለቤቶቹ ለቀውት በሄዱት የጀልባ ቤት ውስጥ ብቻዋን የተገኘች ናት ተባለ።

ሴትዮዋ መናገር ጀመረች፣ ልጅቱም ማስተርጎም ጀመረች። ስንተኛ ፎቅ እንደሚኖሩ ተጠየቁ፣ ቀን ቤት ማን እንደሚውል ተጠየቁ። አድማሴ መለሰ። በሕይወቱ ብዙ ተጠይቋል፣ ለድመት ግን ይጠየቃል ብሎ አላሰበም። እየቆየ ጥያቄው እንግዳ እየሆነበት ሄደ።

“እናቷ ማን እንደሆነች አይታወቅም ትላለች” አለች ወርቅአፈራሁ፣ ወለሉን እያየች።

ይሁን አላት።

“ትልቅ ሆና ስለመጣች የድሮ ቤቷን ታስታውሳለች ትላለች። ብታስታውስ ትቆጣላችሁ ወይ ትላለች።”

አድማሴ ሴትዮዋን ቀና ብሎ አያት። ሴትዮዋ ከወገቧ ላይ ካለው የቁልፍ ብዛት አንዱን ትፈልጋለች፤ አፏ ዝግ ነው። ቅድም ተናግራው ይሆናል አለ በልቡ፤ ደችኛ እንደሆነ አጭር ነው፣ አማርኛ ሲሆን ይረዝማል። “ማስታወስ ምን ኃጢአት አለው? በያት። ታስታውስ” አለ።

ልጅቱ ይህን አልተረጎመችም። ትንፋሿን ሳብ አድርጋ ቀጠለች።

“ዝም የምትለው ስለማትወዳችሁ አይደለም ትላለች።”

“ገብቶኛል በያት።”

በእውነቱ ምንም አልገባውም። የድመት ነገር አዋቂ የሆነች ሴት ምን ዓይነት ጥያቄ ነው የምትጠይቀው? እንዲህ ስለ ነፍስ የሚጠይቀው የንስሐ አባት እንጂ የድመት ጠባቂ ነው? ወርቅአፈራሁ አሁን ጫማውን ነው የምታየው። ሴትዮዋ ቁልፉን አግኝታ አንድ አጭር ነገር ተናገረች። ልጅቱ ግን ሽቦውን በጣቷ እየቆረቆረች በቀጭን ድምፅ ቀጠለች።

“የሷ እንዳልሆናችሁ ብታውቅ… ማለቴ ኋላ ባትስማማችሁ፣ ትመልሷታላችሁ ወይ ትላለች።”

“አንዴ ቤቴ የገባች አትመለስም” አለ አድማሴ፤ ተቆጥቶ ነው የተናገረው፣ ሴትዮዋ ምን ቤት ናት ብሎ። “እንዲህ ብለሽ ንገሪያት። እንደ ዕቃ የሚመለስ ነገር እኔ ቤት የለም።”

ወርቅአፈራሁ ወደ ሴትዮዋ ዞረችና “ኔይ” አለቻት። በቃ፣ “የለም” ብቻ። ሴትዮዋም ምንም አልመሰላት፤ ሄደች፣ ክዳን ያለው የካርቶን ሣጥን ይዛ መጣች። ለካስ የጠየቀችው ድመቷን የምትይዙበት ቅርጫት አላችሁ ወይ ብላ ነው። አድማሴ ሣጥኑንና ልጁን ተራ በተራ አየ። አንድ ነገር አልገጣጠም አለው፤ ምን እንደሆነ ግን ሊይዘው አልቻለም። ልጅቱ ሣጥኑን አቅፋ ወጣች፤ ጀልባው ላይ መንገዱን ሙሉ ጉንጯን ክዳኑ ላይ አስደግፋ ሄደች። አድማሴ አንድ ጊዜ ሊጠይቃት አፉን ከፈተ፣ ነፋሱ ገባበትና ዘጋው።

ቤት ሲደርሱ ድመቷ ከሣጥኑ ወጥታ በቀጥታ ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ተወሸቀች። አበባይሽ ወተት አስቀመጠችላት፣ አልወጣችም። አድማሴ በምላሱ ጠራት፣ የበሰለ ዓሣ አስሸተታት፣ ወይ ፍንክች። ያው የድመት ነገር፣ ተዋት፣ ሲርባት ትወጣለች ተባባሉ።

ወርቅአፈራሁ ወንበር ስባ ወጣችና ከቁም ሣጥኑ ላይ የማሩን ብልቃጥ አወረደች። ክዳኑን ከፈተች። አውራ ጣቷን እስከ ጥፍሯ ማሩ ውስጥ ነከረች፣ ወለሉ ላይ በሆዷ ተኛች፣ እጇን በማጠቢያውና በግድግዳው መካከል ሰደደች። ቆየች። ሁለቱም ቆመው ያዩአታል። በመጨረሻ የምላስ ድምፅ ተሰማ።

“ጠባች” አለች ልጅቱ፣ ከወለሉ ሳትነሣ። “እናንተ ምስክር ናችሁ።”

አበባይሽ የያዘችውን ሳሕን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች፤ ጠረጴዛው ጋ ሳትደርስ ባለመልቀቋ እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን ወግ ለልጅቱ የነገራት የለም። አምስተርዳም ውስጥ ማንም አያደርገውም። ያየችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

“ማን ነገረሽ?” አላት።

“ማንም። የኔ ስኳር ነበር” አለች። “ጋሽ ዘርኣይ ቆመው ነበር። አንተ በሻይ ብርጭቆ በጠበጥከው።”

አድማሴ ወለሉ ላይ፣ እግሯ አጠገብ ተቀመጠ። ሰባት ዓመት ሙሉ ያጠረው አጥር ውስጡ ማንም አልነበረም፤ ልጅቱ ድሮውኑ ከውጭ ቆማ ታየው ነበር። ታዲያ ለምን ዝም አልሽ አላት፤ አወጣጡ የልመና ነበር።

“እናንተ የረሳችሁት መስሎኝ ነዋ” አለች። “የወለዳችሁኝ መስሏችኋል ብዬ። ባስታውሳችሁ ትመልሱኛላችሁ ብዬ ፈራሁ። እሑድ እሑድ ስታስቆጥረኝ ባዩ ላይ ስደርስ… እየሰረቅሁ ይመስለኛል። የኔ አይደሉማ።”

አበባይሽ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። አድማሴም አለቀሰ፣ ምን ይደበቃል። “ዘር ከልጓም ይስባል” ያለው አፉ ተቆርጦ ቢወድቅ በወደደ። አጥቼ ነው እንጂ ማር ይገባሽ ነበር አላት፤ ከዚህ ሌላ ቃል አልመጣለትም። ልጅቱ ስኳሩም ይጣፍጥ ነበር አለችው። እዚያ መጠለያ ውስጥ የጠየቀችውን አንድ በአንድ ሊያነሣ ፈልጎ ተወው፤ የመለሰላት መልስ እንዳልተሳሳተ ብቻ በልቡ ደጋግሞ አጣራ። አንዴ ቤቴ የገባች አትመለስም። አዎ፣ እንዲህ ነው ያለው። ተመስገን።

እየቆየ ድመቷ አፍንጫዋን ብቅ አደረገች። አበባይሽ ዓይኗን ጠራርጋ፣ ይቺስ ስም የላትም ወይ አለች። ወርቅአፈራሁ ጣቷን እየላሰች አሰበች፤ ቀድሞ ያሰበችበት ትመስላለች።

“የትነበርሽ” አለች።

ደግ ስም ነው፣ ከየት አመጣሽው አላት አድማሴ።

“የኔ ነበር” አለች። “እናቴ በሱ ነው የምትጠራኝ። አሁን የሚጠራበት ሰው የለም፣ ሥራ ፈትቶ ነው የተቀመጠው። ለሷ ይሁናት።”

አድማሴ እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥር ሰው፣ የገዛ ልጁን ስም ሳያውቅ ኖሯል። ደፍሮ ቢጠይቃት ኖሮ በነገረችው። ፊቱን በእጁ ጠርጎ፣ ወደ ማጠቢያው ጎንበስ አለና ያን ስም ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ አድርጎ ጠራው።

“የትነበርሽ።”

ድመቷ ጆሮዋንም አላንቀሳቀሰች።

“አቤት” አለች ወርቅአፈራሁ ከኋላው።